ከሞግዚቷ ወንበር፦ የዶሃ ሕፃናት የንግግር ሕክምና ታሪክ

ዶሃ ውስጥ ልጁ አፍ አልፈታ ያለው ቤተሰብ ለብዙ ዘመን ቀድሞ የሚጠራው ስም ሩማይላ ነበር። ሩማይላ ኳታር ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች አሥር ዓመት ሳይሞላት፣ በ1957 የተከፈተ ሆስፒታል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1979 የሐመድ ሕክምና ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በ1982 ሐመድ ጀነራል ሆስፒታል ሲከፈት ዋናው ሕክምና ወደዚያ ሄደና ሩማይላ ቀስ በቀስ የማገገሚያ ቤት ሆነ። ስትሮክ የመታቸው አዛውንት እንደገና ማንኪያ መያዝ ይለማመዱበት ነበር፤ እግሩ የተሰበረ ሰው መራመድ ይለማመድበት ነበር፤ ልጆች ደግሞ ቃል ለማውጣት ይመጡ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ የጀመርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከወንበር ነው። የባቲ ልጅ ነኝ። ዶሃ የመጣሁት በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ በኤጀንሲ፣ ለቤት ሠራተኛነት ነው። በገባሁበት ቤት ሁለት ዓመት ተኩል የሞላው ወንድ ልጅ ነበር፤ የሰው ዓይን እያየ የሚስቅ፣ የሚሮጥ፣ የተባለው ሁሉ የሚገባው፣ ግን ከአምስት ስድስት ቃል በላይ የማይወጣው። ልጅ ዓመት ግድም የመጀመሪያ ቃሉን ያወጣል፤ ሁለት ዓመት ሲሆነው ሃምሳ ያህል ቃል ይኖረዋል፣ ሁለት ሁለቱንም ማጋጠም ይጀምራል። ማዳም ይህን ልክ ከየት እንደሰማችው ባላውቅም የሆነ ነገር እንደጎደለ ገብቷታል። ስለዚህ ሾፌሩ፣ ልጁና እኔ ወደ ስፒች መመላለስ ጀመርን። “ስፒች” ነው የሚባለው፤ እናቶቹም፣ ሾፌሮቹም፣ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችውም ልጅ እንዲያ ነው የሚሉት።

በመጠበቂያው ወንበር ላይ የምንቀመጠው አብዛኞቻችን እናቶች አልነበርንም። ሐበሾች፣ ፊሊፒኖች፣ ኢንዶኔዥያውያንና የስሪላንካ ሴቶች ነበርን። ልጁን ያጠብነው፣ ያበላነው፣ ያስተኛነው፣ በሌሊት ሲነቃ የተነሣነው እኛ ነን። ስሙ ሲጠራ ልጁ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እኛ እዚያው እንቀራለን። ስለዚህች ከተማ የንግግር ሕክምና የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ ማለት ባልችልም፣ ያነበብኩት የሕንፃዎችና የአዋጆች ታሪክ ነው። ሕንፃዎቹና አዋጆቹ እውነት ናቸው፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ሙያው በሳምንት ጥቂት ጊዜ በክፍል ውስጥ የሚሠራ ከሆነ፣ የቀረውን ቀንና ሌሊት ልጁን የምታናግረው ሴት የታሪኩ ግማሽ ናት፤ ያቺ ግማሽ ደግሞ አልተጻፈችም።

ከሆስፒታል በፊት ምን ይደረግ እንደነበር የነገሩኝ የቤቱ አያት ናቸው። በእሳቸው ልጅነት ዶሃ ውስጥ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገና አልነበረም፤ ልጆች ሙጠውዕ የሚባል የቁርአን አስተማሪ ዘንድ ኩታብ ተቀምጠው ቁርአን በቃል ያጠኑ ነበር። ቃል የሚያጥረው ልጅ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ያዜማል፤ ዜማው ይዞት እንዲሄድ ይተዋል። ከዚያ ያለፈ ከሆነ ቁርአን ይቀራበታል። ከዚያ ወዲያ ይጠበቃል። እኔም በተወለድኩበት አገር ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። “አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ” ይባላል፤ ሸሁ ዱዓ ያደርጉለታል፤ ክርስቲያኑ ጎረቤት ጠበል ይወስደዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምላሱ ታስሯል ብሎ ያስቆርጠዋል፣ ወይ እንጥሉን ያስወጣዋል። መቁረጡ ደም ከማፍሰስና ቁስል ከማስከተል በቀር ለንግግር የሚያመጣው ነገር የለም፤ ልጁን በሚያስቆርጥ ሰው ቤት ሁሉ ገብቼ ይህን ብናገር ደስ ይለኛል።

በባሕረ ሰላጤው ቤቶች ሐበሻ ሴት ልጅ ስታሳድግ የኔ ዘመን የመጀመሪያው አይደለም። በእስልምና ታሪክ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በሕፃንነታቸው የተንከባከቧቸው ኡሙ አይመን ሐበሻ እንደነበሩ ባቲ ውስጥ ሕፃን ሁሉ ይሰማል። ዶሃ ምሼሬብ ሰፈር ያለው፣ በ2015 የተከፈተው የቢን ጀልሙድ ቤት ሙዚየም ደግሞ የዚሁን ታሪክ መራራ ወገን ያሳያል፤ ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ኖረዋል፣ ዕንቁ ጠልቀዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። ኳታር ባርነትን ያስቀረችው በ1952 ነው። ሙዚየሙን ስጎበኝ ብዙ የቆምኩት ስለ ቤት ውስጥ ሕይወት በሚናገረው ክፍል ነበር። እነዚያ ሴቶች ለሕፃናቱ በየትኛው ቋንቋ እሹሩሩ ይሉ እንደነበር የመዘገበ የለም፤ ነገር ግን በዚህች ከተማ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ከእናቱ ድምፅ ጋር የሌላ አገር ሴት ድምፅ መግባቱ ከነዳጁ በፊት የነበረ ነገር ነው።

ሙያው ራሱ በዓለም ላይ ወጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ የንግግር ማረሚያ ባለሙያዎች ማኅበር የቆመው በ1925 ነው። እንግሊዞች ኮሌጃቸውን ያቋቋሙት በ1945 ነው። ወደ ዐረቡ ዓለም ሙያው በሕክምና በኩል ገባ፤ ካይሮ ዓይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናስር ኮትቢ ያቋቋሙት የድምፅና የንግግር ሕክምና ክፍል ብዙ ሐኪሞች ያፈራ ነው፤ ዮርዳኖስም በኋላ ብዙ ባለሙያ አሠልጥናለች። ዶሃ ባለሙያዎቹን ከውጭ ታስመጣ ነበር፤ እኔ ካገኘኋቸው አብዛኞቹ ግብፃውያን፣ ዮርዳኖሳውያንና ሊባኖሳውያን ነበሩ፤ በእንግሊዝኛ የሚሠሩት ደግሞ ከሕንድ፣ ከብሪታንያና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ።

ዶሃ ውስጥም ተቋማቱ አንድ በአንድ ተከፈቱ። በ1992 የልዩ ፍላጎት ያላቸውን ሰዎች መልሶ የሚያቋቁመው የኳታር ማኅበር ተመሠረተ። በ1995 የኳታር ፋውንዴሽን መጣ፣ በማግስቱ ዓመት ለመማር የሚቸገሩ ልጆች የሚረዱበትን፣ በኋላ ዐውሰጅ አካዳሚ የተባለውን ትምህርት ቤት ጀመረ። በ1999 ሸፈላህ ማዕከል ሥራ ጀመረ። ሸፈላህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ስም ነው፤ ችግር ያለበትን ልጇን ደብቃ በቤት የምታሳድግ እናት ብዙ በነበረችበት ጊዜ የንግግር፣ የእንቅስቃሴና የትምህርት ባለሙያ በአንድ ግቢ አገኘች። በ2004 ሕግ ቁጥር 2 ወጣ፣ አካል ጉዳተኞች ሕክምናና ትምህርት የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። በታኅሣሥ 2007 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኳታር አቅራቢነት ሚያዝያ 2ን የዓለም የኦቲዝም ቀን አደረገው፤ ከዚህ ሐሳብ ጀርባ የያኔው አሚር ባለቤት ሼኻ ሞዛ ቢንት ናስር ነበሩ። እኛ ቤት ያንን ቀን በቴሌቪዥን ስናይ ማዳም ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። ልጇ ኦቲዝም አልነበረበትም፤ ነገር ግን ስለ ልጅ ዝምታ አገር ሙሉ ሲነጋገር ስታይ ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ፤ ምክንያቱም አንድ ቀን እኔም ገባሁ።

በመጀመሪያ የታዘዘው የጆሮ ምርመራ ነበር፤ ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ውኃ የቋጠረ ልጅ ድምፅ የሚሰማው ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ ነው። የኛ ልጅ ጆሮ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ግብፃዊቷ ባለሙያ ያዘችው። ልጆቹ ሴት አስተማሪን እንደሚጠሩት “አብላ” ነበር የምንላት። ክፍሏ ውስጥ ትልቅ መስታወት፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ የሥዕል ካርዶች፣ መኪናዎችና የሳሙና አረፋ ነበሩ። በዚያ ዘመን አረፋ መንፋት፣ ሻማ ማጥፋት፣ በቀጭን ቱቦ መሳብ የሕክምናው ትልቅ ክፍል ነበር፤ አፉ ይጠንክር ተብሎ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን መንፋት ድምፅ እንደማያስተምር አሳይተዋል። ከ የምትለውን ድምፅ የሚያስተምረው ከ ማለት ነው። አረፋው ልጁን ለማስደሰትና “ድገሚው” ለማስባል ይጠቅማል እንጂ ለምላስ ጡንቻ አይጠቅምም።

ልጁ ቃላቱ ሲበዙለት ሌላ ነገር ታየ። ከ የሚለውን ሁሉ ተ ያደርገዋል። ኳሱን፣ ኩራ የሚባለውን፣ ቱራ ይላል። ኪታብን ቲታብ ይላል። ኬክ ሲል ቴት ነው። ይህ በብዙ ቋንቋ ልጆች ላይ የሚታይ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ልጅም ከበሮን ተበሮ ሊል ይችላል። የምላስ ጀርባ ወደ ኋላ ተነሥቶ ላንቃ መንካት ሲገባው የምላሱ ጫፍ ይቀድመዋል። አብላ ልጁን መስታወቱ ፊት አስቀመጠች፣ በምላስ መጫኛ እንጨት የምላሱን ጫፍ ወደ ታች ያዝ አደረገችው፣ እሷም አፏን ከፍታ “ከ” አለች። ጫፉ ከተያዘ የሚነሣው ጀርባው ብቻ ነው። ልጁ ሞከረ፣ ሳል የመሰለ ድምፅ ወጣ። አብላ በደስታ አጨበጨበች፤ ያ ሳል የምትፈልገው ነበር። ሳሉን ድምፅ፣ ድምፁን ክፍለ ቃል፣ ክፍለ ቃሉን ቃል አደረገችው። ሁለቱም ጫፉ ከ የሆነውን ኬክን ለመጨረሻ አስቀመጠችው።

እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት ለምን ነው? ካርዶቹ ናቸው ያስገቡኝ። አብላ የመኪና ሥዕል አንሥታ በግብፅኛ “ዐረቢያ” ትለዋለች፤ ልጁ ዝም። በመጽሐፉ ዐረብኛ “ሰያራ” ትለዋለች፤ ዝም። የወተት ሥዕል አሳይታ “ለበን” ስትለው ራሱን ነቀነቀ፤ ቤቱ ውስጥ ለበን አሬራ ነው፣ ወተት ሐሊብ ነው። አብላ ልጁ ቃሉን አያውቅም ብላ ልትጽፍ ሆነ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ከውጭ ሆኜ “አብላ፣ ቤት ውስጥ ሞተር ነው የምንለው” አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። “ነይ ግቢ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ወንበሬ ከክፍሉ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር ሆነ። ጎበዝ ባለሙያ ነበረች፤ ልጁ የሚያውቃቸውን ቃላት ዝርዝር የጻፈችው ከኔ አፍ ነው።

ሁሉ ግን እንደሷ አልነበረም። ከዚያ ቀደም የሄድንበት ሌላ ቦታ ማዳምን የነገራት ሌላ ነው፤ ልጁን ያዘገየው የሠራተኛዋ ዐረብኛ ነው፣ ከሷ ጋር አይዋል፣ በቤትም አንድ ቋንቋ ብቻ ይነገር አሏት። ይህን ምክር በዶሃ በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ ሰምቶታል። ብዙ ሞግዚትም ከማታውቀው ጥፋት ጋር ወደ አገሯ ተመልሳለች። እኔን ያዳነኝ የልጁ አያት ናቸው፤ “እኔንም ያሳደገችኝ ሌላ አገር ሴት ናት፣ ዲዳ ሆኜ ታያላችሁ?” ብለው ቆሙልኝ።

ስለ ዐረብኛችን እውነቱን ልናገር። እኛ ሠራተኞች ከጌቶቻችን ጋር የምንግባባበት ዐረብኛ ግሡ በሰው አይረባም፣ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፣ “ፊ” የምትባለው ቃል ሁሉ ቦታ ትገባለች። ጃክ ስማርት የተባለ ምሁር በ1990 ስለዚህ የባሕረ ሰላጤ ንግግር የመጀመሪያውን ጥናት አወጣ፤ በኳታር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሙርተዳ ባኪር ደግሞ በ2010 የግሡን ሥርዓት ተንትኖ ጻፈ። ሁለቱም እንደ ንግግር፣ ሕግ እንዳለው ነገር ነው ያጠኑት። ልጅ ደግሞ ማን እንዴት እንደሚናገር ይለያል። የኛ ልጅ ከኔ ጋር ሲሆን በኔ ዐረብኛ፣ ከአያቱ ጋር ሲሆን በአያቱ ዐረብኛ ነበር የሚጠይቀው፤ ገና ከን ተ እያለ።

የአንድ ቋንቋ ብቻ ምክር ለምን ስሕተት እንደሆነ የሳይንሱ ሰዎችም አሳይተዋል። በ2003 ጆሃን ፓራዲስና ባልደረቦቿ ካናዳ ውስጥ የቋንቋ ችግር ያለባቸውን ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገሩ፣ ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር አነጻጸሩ፤ ሁለት ቋንቋ የያዙት በችግራቸው አልባሱም። ባቲ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። በሰኞ ገበያችን አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ መደብ ላይ ይሰማሉ፤ ግመል ሻጩ በአንዱ ተከራክሮ በሌላው ይሳደባል፣ ልጁ ጎኑ ቆሞ ሦስቱንም ይለቅማል። በባቲ ልጅ ሲዘገይ ቋንቋ በዛበት ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ልጅ የሚዘገየው ያለበት ነገር ሲኖር ነው፤ ልጅ የሚፋጠነው ደግሞ የሚያናግረው ሰው ሲያገኝ ነው። ሞግዚቷን ከልጁ ማራቅ ማለት ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረውን ብቸኛ ሰው ማራቅ ነው።

አብላ ያስተማረችኝ ትልቁ ነገር መጠበቅ ነው። ልጁ ኳሱን ሲፈልግ ሳይጠይቅ አትስጪው፤ የሚያየው ግን የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው፣ ዓይኑን እያየሽ ዝም በይ። ለኔ ከባድ ነበር፤ በአገራችን ልጅ ሲያለቅስ የምትጠብቅ ሞግዚት ጨካኝ ትባላለች። ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ እሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ኳሱ ከማቀዝቀዣው ላይ ሆኖ ነበር የምንለማመደው። “ቱራ።” እጠብቃለሁ። “ቱራ!” የምላሴን ጀርባ በጣቴ እያሳየሁ፣ አፌን ከፍቼ አሳየዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳያዘጋጀው፣ ጉሮሮው ውስጥ የሚያንቀው ያህል ጎትቶ “ኩራ” አለ። ማዳምን ከፎቅ ጠራኋት። ወርዳ እንደገና እንዲለው ስትለምነው ኳሱን ይዞ ሮጠ፤ ሥራው አልቋል።

ይህ የመጠበቅ ነገር አብላ ከራሷ ያመነጨችው አይደለም። በ1975 አያላ ማኖልሰን የተባለች ባለሙያ በሞንትሪያል ሃነን የተባለውን ፕሮግራም ስትጀምር ሐሳቧ ግልጽ ነበር፤ ልጁን በክፍል ውስጥ ከማከም ይልቅ ወላጁን አሠልጥኖ ቤቱን ሕክምና ማድረግ። በ1985 ደግሞ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት በአሜሪካ ዴላዌር ቃል ለሌላቸው ልጆች ሥዕል ሰጥቶ የሚፈልጉትን የመቀበል ዘዴ አወጡ፤ ፔክስ ነው የሚባለው። ሁለቱም ዶሃ ደርሰዋል። ጉድለቱ ግን ሥልጠናው እናትን ሲጠራ ሞግዚቷን አለመጥራቱ ነው። እናቲቱ ባንክ ትሠራለች፣ ሚኒስቴር ትሠራለች፤ ሥዕሎቹን በቬልክሮ ደብተር ላይ የምትለጥፈው፣ ልጁ የብስኩቱን ሥዕል ሲሰጣት ብስኩቱን የምትሰጠው ሌላ ሴት ናት። ያላሠለጠንካት ሴት ደግሞ አዝናለት ብስኩቱን በነጻ ትሰጠዋለች።

ስለ ሥዕል ካነሣሁ አንድ በጣም የምወደው የዶሃ ሥራ አለ። ለብዙ ዓመት ክሊኒኮች የሚጠቀሙት ሥዕል ከምዕራብ የመጣ ነበር፤ አባቱ ሱሪ ለብሶ፣ ቤቱ የተንጋለለ ጣራ ኖሮት፣ ቁርሱ ውስጥ ሥጋማ ነገር ተጠቅልሎ። የዚህ አገር ልጅ አባቱ ሰውብ ይለብሳል፣ እናቱ ዐባያ ትለብሳለች። በ2010 የተቋቋመው ማዳ የቴክኖሎጂ ማዕከል፣ የሐመድ ሕክምና ኮርፖሬሽንና የእንግሊዙ ሳውዝአምፕተን ዩኒቨርሲቲ በ2010ዎቹ አጋማሽ ተዋሱል የተባሉ ምልክቶችን በጋራ ሠሩ፤ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምባቸው የዐረብኛ ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹ ሲዘጋጁ ወላጆች፣ አስተማሪዎችና ባለሙያዎች አስተያየት ሰጥተውባቸዋል። መስጊዱ የሚያውቁት መስጊድ፣ ልብሱ የሚያውቁት ልብስ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ2016 ኳታር ፋውንዴሽን ለኦቲዝም ልጆች ረናድ አካዳሚን ከፈተ። በ2017 ብሔራዊ የኦቲዝም ዕቅድ ወጣ። በ2018 ሲድራ ሆስፒታል ታካሚ ማስተኛት ጀመረ። በ2019 የኳታር የባዮሜዲካል ምርምር ተቋም ሰዎች የትምህርት ዕድሜ ልጆችን አጥንተው ኦቲዝም 1.14 በመቶ፣ ማለትም ከ87 ልጆች አንዱ ዘንድ እንደሚገኝ አሳወቁ። የግል ማዕከላት ከአል ሰድ እስከ ዐይን ኻሊድ፣ ከወክራ እስከ ሉሰይል በየመንገዱ ታዩ። ዋጋቸው ከባድ ነው፤ የመንግሥቱ ደግሞ ወረፋ አለው።

ለኛ ለሞግዚቶች ግን የለወጠን ዓመት 2020 ነው። በመጋቢት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሕክምናው ወደ ታብሌት ገባ። ባለሙያዋ በስክሪን ውስጥ፣ ልጁ በምንጣፍ ላይ ሆነ። ታብሌቱን የሚይዘው፣ ልጁን የሚያስቀምጠው፣ ካርዱን የሚያነሣው ማን ነው? በድንገት “ናኒ፣ አንቺ ነሽ የምታሠሪው፤ እኔ እነግርሻለሁ” ማለት ግድ ሆነባቸው። ባለሙያዎቹ የምንሠራባቸውን ቤቶች አዩ፤ ልጁ የሚወደውን አሻንጉሊት፣ የሚደበቅበትን ጥግ፣ እኛ እንዴት እንደምናናግረው አዩ። ክሊኒኮቹ ሲከፈቱ ጭምብሉ ከንፈርን ደበቀና አንዳንዶቹ በመካከሉ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ያለው ጭምብል አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ነው በማውቃቸው አንዳንድ ቦታዎች “አብራሽ ግቢ” ደንብ የሆነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር አገሪቱ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየር የሚያስችል ሕግ አወጣች፤ የቤት ሠራተኞች ሕግ ራሱ፣ የሳምንት ዕረፍት የሰጠን፣ በ2017 የወጣ ነው። ያሳደግኩት ልጅ አድጎ ነበር፣ እኔም በማዳም ምርቃት ወደ አንድ የሕፃናት ማቆያ በረዳትነት ተዛወርኩ። አሁን ልጆችን ወደ ባለሙያዋ የማስገባው፣ አብሬ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ከሥራዬ ይልቅ አሁን የሚያስጨንቀኝ የኛው ልጆች ነገር ነው። በነጅማና በመንሱራ ሕንፃዎች ውስጥ ባልና ሚስት ሠርተው ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሾች አሉ። ልጁ ቤት አማርኛ ይሰማል፣ ማቆያ እንግሊዝኛ፣ መንገድ ላይ ዐረብኛ። ሲዘገይ እናቱ የምትሰማው ያው የድሮው ምክር ነው፤ አማርኛውን ተዉት። አማርኛውን ስትተው ደግሞ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ታናግረዋለች፤ ትንሽ ትናገራለች፣ ተረት አትነግረውም፣ አትቆጣውም፣ አትዘፍንለትም። ለነዚህ እናቶች የማወራው ስለ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ነው። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት፣ ልጃቸው ጆጆ ኦቲዝም ስላለበት ነው። ያወጡት ዘዴ አቡጊዳ ፎኔቲክስ ይባላል፤ ከፊደል ገበታችን የተነሣ ነው። ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት ድምፅና አናባቢ አንድ ላይ ይዞ ስለተሠራ፣ ከ ኩ ኪ ካ ኬ ክ ኮ ሲባል ምላስ ያንኑ ቦታ እየነካ አናባቢው ብቻ ይለዋወጣል። ዘሚ በ2021 አርፈዋል፤ ማዕከላቸው ግን በአገራችን እነዚህን ልጆች ከጓዳ ያወጣ የመጀመሪያው በር ነው፤ ከዚያም በወላጆች የተመሠረተው ነህምያ ተከተለው።

አርብ አርብ የምትመጣልኝ አንዲት የጎንደር ልጅ አለች፤ ሦስት ዓመት የሞላው ልጇ ጠ እና ቀ አልወጡለትም። ጠ እና ቀ ዘግየት ብለው የሚመጡ ድምፆች ስለሆኑ በዚህ ብቻ አትደንግጪ እላታለሁ፤ ጆሮውን ግን አስመርምሪው፣ ቃል እየጨመረ እንደሆነ ጻፊ። ቅቤ እየቀባችው፣ ቆሎ እየቆላች ታናግረዋለች። ልጁ ቆሎውን “ኮሎ” ይለዋል። እሷም አትጫነውም፤ “አዎ፣ ቆሎ! ትኩስ ቆሎ” ትለዋለች።

ለዶሃ ክሊኒኮች አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጅ ሲመዘገብ በምትሞሉት ቅጽ ላይ የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ቋንቋ፣ የአባት ቋንቋ የሚል መስመር አለ። ከዚያ ሥር ሌላ መስመር ጨምሩ፤ ልጁ ቀኑን የሚውለው ከማን ጋር ነው፣ በምን ቋንቋ ታናግረዋለች፣ መቼ ከናንተ ጋር መቀመጥ ትችላለች? ለቤት የምትሰጡትንም የልምምድ ወረቀት በአማርኛ፣ በታጋሎግና በሲንሃላ አትሙት። የአማርኛውን እኔ በነጻ እተረጉምላችኋለሁ።